ብሎን የሞላ ጣሳ

ነገሩ በጠቅላላ መቶ አርባ ዶላርና አንድ ጥሩ ደንበኛ አስወጥቶኛል። መቶ አርባው ለአንድ የሞተ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የከፈልኩት ነው፤ ልቡ የተረጋጋ ነጋዴ ከሰላሳ በላይ አይሰጥበትም። ደንበኛው ደግሞ ለሚከፍተው ሆቴል ስድስት ማጠቢያና ሁለት ማድረቂያ ሊያዝ የመጣ፣ ሻዬን እየጠጣ ዋጋ ላይ የደረስን ሰው ነበር። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ገና የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ጨረስኳቸው።

ሱቄ ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ነው። በበርበራ ወደብ በኩል የሚገባ ያገለገለ ማሽን እገዛለሁ፣ አድሳለሁ፣ እሸጣለሁ። ያን ቀን አንድ ባለጋሪ ጎረምሳ ከሼክ ኑር ሰፈር የጫነውን አሮጌ ማሽን ደጄ ላይ አውርዶ፣ "ለቆርቆሮም ቢሆን ውሰደው፣ ሰላሳ ስጠኝ" አለኝ። የሆቴሉ ሰውዬ እጄን ይይልኝ ብዬ የማሽኑን የጀርባ ክዳን እዚያው ፊቱ ፈታሁት። ክዳኑ ሲላቀቅ የተቃጠለ ቺንጋ ሽታ ወጣ፤ ከሥሩ ደግሞ የከረመ ሳሙናና ሳይደርቅ የሰነበተ ጨርቅ። አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ክዳኑን ገልብጬ ውስጡን ሳየው ደግሞ እጄ ቆመ። ፊቱን ያሳየ ነጋዴ ዋጋ ይጨመርበታል፤ ጎረምሳው አየኝና ሰላሳውን መቶ አርባ አደረገው። አልተከራከርኩም፣ ከፈልኩ። ክዳኑ ላይ ምን እንዳየሁ ለመናገር ግን ከዘይነባ መጀመር አለብኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ የበርበራን መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር፣ እናቴ ከኢትዮጵያ የመጣች፣ ለሾፌሮች ሻይ የምታፈላ። ስድስት ክፍል ባለው የኪራይ ግቢ ውስጥ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የያዘችው ዘይነባ ነበረች፣ የኮምቦልቻ ልጅ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጂልባቧ ሥር የወንድ ሰደርያ የምትለብስ። በአንዱ ኪስ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ በሌላው የእጅ ባትሪና ሚስማር የምታህል የጥርስ ብሩሽ። እናቴ እንዳስተማረችኝ "እትዬ ዘይነባ፣ ደህና አደሩ?" ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "እትዬው ይበቃል፤ አንቱታ የቤት ኪራይ አይከፍልም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኳት።

ሙያውን ያገኘችው ጅዳ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ስትሠራ፣ ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር አንድ ግብፃዊ መካኒክ ይመጣ ነበር። ባዕድ ወንድ እቤት ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ ዕቃ እንዳይነካ ዘይነባ አጠገቡ ትቆማለች። "እንዳይሰርቅ ብለው አቆሙኝ" ትል ነበር፣ "እኔ ደግሞ ቆሜ ሙያውን በሙሉ ሰረቅኩት።"

ሀርጌሳ ስትመጣ ያንኑ ልማድ አገኘችው፤ ልዩነቱ አሁን የሚጠቅመው እሷን መሆኑ ነው። ባልየው በሌለበት ቤት ወንድ መካኒክ ደጅ አያልፍም። ባሎቹ ደግሞ ወይ ዱባይ ናቸው፣ ወይ በርበራ ወደብ ላይ ዕቃ ይጠብቃሉ። ማሽኑ ሲቆም እርጥብ ልብስ በሆዱ እንደያዘ ባልየው እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ይሸታል። ዘይነባ ግን በሩን አንኳኩታ "አሰላሙ ዐለይኩም" ብላ ትገባለች። "ባሏ መንገደኛ የሆነ ሁሉ የኔ ደንበኛ ናት" ትል ነበር።

የጎደላት ነገር ሶማሊኛ ነበር። ዓረብኛዋ እንደ ጅዳ ሰው ነው፤ ሶማሊኛዋ ግን ከሰላምታ አያልፍም። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ያደግሁ ስለሆንኩ በሶማሊኛ እሳደባለሁ፣ በሶማሊኛ እምላለሁ። ስለዚህ ምላሷ ሆንኩ። ልጅ ስለሆንኩ ሴቶቹ አይሸሹኝም። ዋጋ ስተረጉም ለራሴ ትንሽ ጨምሬያለሁ አልልም፤ አልጨመርኩምም አልልም።

አንድ ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው ባዶ ጀሪካን ነው። ገልብጣ ትቀመጥበታለች፣ ማሽኑን ባዶውን ታስነሳለች፣ መዳፏን ጎኑ ላይ ትለጥፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። የቤቱ እመቤት "ምን ሆነ?" ስትል፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ እሱ ይናገር" በላት ትለኛለች። እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ወይ ቺንጋው ነው ወይ የሞተሩ ካርቦን አልቋል። ውኃ አልገባም ካለ ቱቦውን ከጀርባው ነቅላ፣ በቱቦው አፍ ላይ ያለችውን ጥፍር የምታህል ወንፊት በጥርስ ብሩሿ ትፈትጋለች፤ በቦቴ የሚመጣው ውኃ ግማሹ አሸዋ ነው። ማሞቂያው ላይ እንደ እንቁላል ቅርፊት የተጋገረውን ነጭ ነገር በአቼቶ ትነክራለች። ሲዞር እንደ ወፍጮ ከጮኸ በሩን ትከፍትና ገንዳውን በእጇ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ከላላ ኩሽኔታው ሞቷል፣ እመቤቲቱ መርዶዋን ትስማ።

ውኃ አልወጣም ያለ ማሽን ግን ሌላ ነው። ከታች ያለችውን ማጣሪያ ስትፈታ የሰው ቤት ምሥጢር ይፈስሳል፦ የሒጃብ መርፌ፣ የሙስበሃ መቁጠሪያ ፍሬ፣ የሕፃን ካልሲ። አንድ ጊዜ አንዲት እመቤት ቤት ከማጣሪያው እፍኝ ሙሉ የጫት እንጨት ወጣ። እመቤቲቱ አንዱን እንጨት አንስታ አሸተተችው።

"በቁርኣን ምሎ ነበር" አለች።

ዘይነባ እንጨቱን በወረቀት ጠቅልላ በእጇ አኖረችላትና፣ "እኔ የምናገረው ስለ ማሽኑ ነው በላት። ስለ ባሏ ማጣሪያው ተናግሯል" አለችኝ። ከየቤቱ ያገኘችውን ሁሉ እንዲሁ ጠቅልላ ትሰጣለች፤ ግቢ ስትመለስ ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ አትልም። እናቴ በዚህ ታዝንባት ነበር።

ማድረቂያ የምናየው ከውጭ አገር ተመልሰው በመጡ ሰዎች ቤት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ፀሐይ አናታቸው ላይ ተሸክመው ልብስ ለማድረቅ መብራት ይከፍላሉ። አንዷ ከለንደን ያመጣችው ማድረቂያ ዐሥር ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋባታል። ዘይነባ ከግድግዳው ላይ ሳብ አድርጋ ሙቅ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ አየችው፤ አቧራና እንሽላሊት እንዳይገባ ተብሎ በአሮጌ ፎጣ ተወትፏል። ፎጣውን ጎትታ አወጣችና፣ "አፍንጫሽን ይዤ ሩጪ ብልሽ ትሮጫለሽ?" በላት አለችኝ። ያንን ቃል በቃል ተረጎምኩት።

አሁን ወደ ጣሳው ልምጣ። አዲስ ማሽን በባሕርና በበርበራ መንገድ ሲጓዝ ገንዳው እንዳይላጋና እንዳይሰበር በጀርባው በአራት ረጃጅም ብሎኖች ታስሮ ነው የሚመጣው። ቤት ከገባ በኋላ ብሎኖቹ መውጣት አለባቸው፤ ካልወጡ ማሽኑ ሊጨምቅ ሲሽከረከር ወለሉ ላይ ይራመዳል፣ ቱቦውን ይበጥሳል፣ ቤቱን ያጥለቀልቃል። በከተማው ትልቁ የማሽን ሱቅ የአንድ ሐጂ ነበር። ማሽን የሚተክልለትን ሰው ሁሉም "ኢንጂነሩ" ይለዋል፤ ክራባት ስለሚያስር። ኢንጂነሩ ብሎኖቹን አያወጣም ነበር። "ለጥንካሬ ናቸው፤ የኛ ቤት ወለል አይታመንም" ይል ነበር። ዘይነባ አዲስ ማሽን ይራመዳል ተብላ ስትጠራ ጀሪካንም አትጠይቅ፤ ቀጥታ ጀርባውን ትዳብሳለች፣ አራቱን ትፈታለች። ቤት የሚለቅ ሰው ማሽኑን ሲያስጭን መልሶ ይፈልጋቸዋልና ክፍሏ ወስዳ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ትጥላቸዋለች። ቃ፣ ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ያ ጣሳ ሲሞላ እኔ ዐሥር ዓመት ደፍኜ ነበር።

ሱቁ ገበያው እንደሸሸው ሲያውቅ ወሬ ለቀቀ፦ ሐበሻዋ የከፈተችውን ማሽን ዋስትና አንቀበልም፤ ውስጥ ገብታ ደህናውን ዕቃ እያወጣች አሮጌ ትከታለች። ዘይነባ ሰምታ ሳቀች። ከዚያ ሆዳን የምትባል ባለጸጋ እመቤት ለልጇ ሠርግ ከሐጂው ሱቅ የገዛችው ማሽን በሳምንቱ ተራምዶ ቱቦውን በጠሰና ምንጣፏን አበላሸ። ዘይነባ ያንን ማሽን ባይኗ አላየችውም። ኢንጂነሩ ግን ከባልየው ጋር ገብቶ አየና፣ "ሐበሻዋ ነክታዋለች፣ ዕቃ ጎድሎታል" አለ።

ባልየው በቀጥታ ወደ ግቢያችን አከራይ መጣ። አከራዩ የዘይነባን በር አንኳኩቶ ያለው አጭር ነው፦ "እስከ ነገ መግሪብ። ወይ የሰውየውን ዕቃ መልሺ፣ ወይ ክፍሌን ልቀቂ። ሌባ አላከራይም።"

እሱ እንደወጣ እናቴ ገባች። አልጋው ሥር ያለውን ጣሳ ታውቀዋለች። "ዘይነባ፣ ስለ አላህ ብለሽ፣ ይሄን ነገር አሁኑኑ ወስደሽ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ድፊው። ክፍልሽን ቢፈትሹ፣ ይኸው የማሽን ዕቃ፣ ይኸው ሌባ ነው የሚሉት። ለማን ልታስረጂ ነው? ምን ወረቀት አለን እኛ?"

"እደፋዋለሁ" አለች ዘይነባ። "የት እንደምደፋው ግን እኔ ነኝ የማውቀው።"

በማግስቱ የሆዳን ማሽን በጋሪ ተጭኖ ወደ ሱቁ ሲሄድ ተከተልነው። እናቴ ዱዓ ላይ ቀረች። ዘይነባ ጣሳውን በብብቷ ይዛ፣ ከዚያ በፊት አድርጋው የማታውቀውን፣ የወንዶች መንገድ መሐል ቆመች። እቤት ውስጥ፣ ሴቶች መሐል፣ ማንም አይነካትም ነበር፤ እዚህ ግን ሐጂው ባንኮኒው ላይ፣ ኢንጂነሩ ደጃፉ ላይ፣ ከጎን ገንዘብ መንዛሪው እንደ ጡብ ከከመረው የሽልንግ እሽግ ኋላ፣ ጫት ይዞ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያያታል። ሆዳንም ራሷ መጥታለች።

"ይህች ሴት ማሽኑ አጠገብ እንዳትደርስ" አለ ኢንጂነሩ። "ተዘርፏል።"

ዘይነባ በአማርኛ፣ "ሰዒድ፣ በሶማሊኛ ተናገር። ጮክ በል" አለችኝ።

"ሐጂው እኮ ዓረብኛ ይችላሉ።"

"እሳቸው ብቻ ይስሙ መቼ አልኩ? መንገዱ ይስማ።"

ማሽኑን እንዲሰኩት አስጠየቀች። ኢንጂነሩ እምቢ ሲል ሆዳን፣ "ገንዘቡን የከፈልኩ እኔ ነኝ፤ ሰኩት" አለች። ሰኩት። ሊጨምቅ ሲነሳ እግሩ እንደታሰረ ግመል እየዘለለ ወደ መንዛሪው ሄደ፤ መንዛሪው እሽጎቹን አቅፎ ሸሸ። ሰዉ ሳቀ።

"አያችሁ?" አለ ኢንጂነሩ። "የጎደለው ዕቃ ነው የሚያንኳኳው!"

"የጎደለ ዕቃ አያንኳኳም በለው" አለች ዘይነባ። "የሚያንኳኳው የተረፈ ዕቃ ነው።"

እኔ ያንን ከተረጎምኩ በኋላ፣ "ጎድሎት የሚያንኳኳ ጭንቅላት ብቻ ነው" ብዬ ከራሴ ጨመርኩ። ሰዉ እንደገና ሲስቅ ዘይነባ በጎን አየችኝ፤ ምን እንዳልኩ ባታውቅም መጨመሬን አውቃለች።

ማሽኑን አስነቅላ ወደ ጀርባው ዞረች። አራቱን ብሎኖች በቁልፍ ፈታች፣ አንድ በአንድ ከፍ አድርጋ አሳየች። ከዚያ መንዛሪውን፣ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት፣ "አደር፣ እሽጎችህን አውሰኝ" አስባለችኝ።

"ቢወድቅ ማን ይለቅማል?"

"እኔ።"

ዐሥራ ሁለት የሽልንግ እሽግ አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋ ማሽኑ አናት ላይ ግንብ ሠራች። "ስካው።" ማሽኑ ተነሳ፣ ፈጠነ፣ እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ብቻ ሆነ። ግንቡ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አንዲት እሽግ አልወደቀችም። ሰዉ ቀረብ ብሎ ከበበው። ያን ያህል ገንዘብ ሳይነካ ቆሞ ሲያይ ሰው መንገዱን ይረሳል።

ያኔ ዘይነባ ሱቁ ውስጥ ገባች። የእናቴ ልመና፣ ያከራዩ ቀጠሮ፣ ሁሉም ብብቷ ውስጥ ነበር። ጣሳውን ሐጂው ፊት ባንኮኒው ላይ ገለበጠችው። ብሎኖቹ እየተንከባለሉ የደረሰኙን ጥራዝ ሸፈኑት፣ መሬት ወረዱ።

"ከማሽኖቻችሁ ያወጣሁት ይኸው ነው በላቸው። ሌላ አንድ ዕቃ የለኝም። የዛሬዎቹን አራት ጨምራችሁ ቁጠሩና ለአራት አካፍሉት። ሰውዬአችሁ አስሮ የሸጣቸው ማሽኖች ቁጥር እሱ ነው።"

የቆጠረው መንዛሪው ነው፤ ጣቱ ለምዷል። "ስልሳ ስምንት።"

"ዐሥራ ሰባት ቤት" አለች ሆዳን፣ ከእሱ ፈጥና።

ሐጂው አንዱን ብሎን አንስተው እያገላበጡ አዩት። ጥሩ ነጋዴ ነበሩ፣ አላህ ይማራቸው፤ ይቅርታ አላሉም፣ ሻይ አዘዙላት። በዚያው ሻይ ላይ በዓረብኛ፣ "ነይና ለሱቁ ሥሪ፣ ወርሃዊ ደመወዝ" አሏት። እሷም፣ "ደረሰኙ ላይ 'የጠገነችው ዘይነባ' ተብሎ ይጻፋል?" አለቻቸው።

"የሱቁ ስም ይበቃል።"

"እንግዲያው አይበቃም" ብላ ሻዩን ሳትጨርስ ተነሳች።

አከራዩም ይቅርታ አላለም። በሳምንቱ የራሱን ማሽን በጋሪ አስጭኖ በሯ ላይ አቆመው፤ በእሱ ቋንቋ ያ ይቅርታ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይነባ አንድ ማሽን ጠግና ክዳኑን ከመግጠሟ በፊት የማይለቅ ጥቁር ቀለም ታወጣና ለእኔ ትሰጠኛለች። ትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ነች። "ውስጥ በኩል ጻፍ" ትለኛለች። የምጽፈው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዘይነባ ከፈተችው። ዘይነባ ዘጋችው። ደህና ነው።

"እዚህ አገር አማርኛ የሚያነብ የለም እኮ፣ እትዬ" አልኳት አንድ ቀን።

"የሚያነብ ሰው አንድ ቀን ይከፍተዋል።"

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ሆዳን አገጬን ይዛ፣ "ይሄ ጢም ሊያወጣ ነው፣ ከዛሬ ወዲያ ደጅ ይቁም" አለች። ያኔ የዘይነባ ሶማሊኛም ዋጋ ለመከራከር ይበቃ ነበር፤ እኔ የጨመርኩትን ሁሉ ሳታውቅብኝ አልቀረችም። በኋላ ኮምቦልቻ ትታት የመጣችው ልጇ ስትወልድ ጠቅልላ ሄደች። ካቻቢቴዋን እንድትተውልኝ ብለምናት፣ "የራስህን ግዛ" አለችኝ። ገዛሁ። በእሷ ጆሮና በእሷ መዳፍ ሱቅ ከፈትኩ። ደንበኞቼ ግን ሙያውን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ፣ "ዱባይ፣ ከአንድ ጀርመናዊ ኢንጂነር" እላለሁ፤ ማተሚያ ቤት ያሠራሁት የምስክር ወረቀትም ግድግዳዬ ላይ ነበር። ከሴት ተማርኩ፣ ያውም ከሐበሻ፣ ያውም ከቤት ሠራተኛ የሚል ሰው እዚህ ገበያ ውስጥ ምን ይሸጣል? በእጄ የጻፍኩትን ስም ባፌ አንድ ቀን ጠርቼው አላውቅም።

ያን ቀን ክዳኑን ስገለብጠው ያየሁት የራሴን የዐሥር ዓመት ልጅ ጽሕፈት ነው። "ዘ"ው ተጣሟል፣ "ደህና ነው" ቦታ አጥቶ ጠርዝ ላይ ታጥፏል።

የሆቴሉ ሰውዬ ብርጭቆውን እንደያዘ አንገቱን አስግጎ፣ "ምንድነው የተጻፈው?" አለኝ።

ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ የፋብሪካ ምልክት ነው ማለት በቂ ነው። ስምንት ማሽን ነው የያዘው ሰውዬው።

"የአስተማሪዬ ስም ነው" አልኩት። "ዘይነባ ትባላለች።"

"ሴት?"

"ሴት። ሐበሻ። ጅዳ የሰው ቤት የሠራች።"

ወደ ግድግዳው አየ። "ዱባይስ?"

"ዱባይ ሄጄ አላውቅም፣ ዋላል ወንድሜ። ማሽኖቹ ናቸው ከዚያ የመጡት።"

ሳቀ፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። ሻዩን ጨርሶ፣ "ላስብበት" ብሎ ወጣ። ላስብበት ያለ ሀርጌሳ ውስጥ ተመልሶ አይመጣም፤ እሱም አልመጣም።

የምስክር ወረቀቱን አውርጄ ክዳኑን በቦታው ሰቀልኩት። ለማሽኑ ሌላ ክዳን፣ ሌላ ቺንጋ ገጠምኩለት። የሚጠይቀኝ ካለ ስሙን አነብለታለሁ፤ የሚስቅም ካለ ሻዩን ጨርሶ ይሂድ።

ወጪ፣ መቶ አርባ ዶላርና አንድ ደንበኛ። ገቢ፣ የለም። ማሽኑ ይሠራል፤ አይሸጥም።